ከሕዳሴ በኋላ ቀጣዩ ማመንጫ ምን ይሁን?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ሕዳሴ ተመረቀ፤ እኛ ሰፈር ግን መብራት ዛሬም ይጠፋል። አሁን ደግሞ ኒውክሌር ሊገነባ ነው ይባላል። አንዱ ፀሐይ ርካሽ ነው ይላል፣ ሌላው ንፋስ፣ ሌላው ከመሬት የሚወጣ እንፋሎት። እርስዎ ሙያው ውስጥ ስላሉ ይንገሩኝ፤ ፍላጎታችን በዚህ ፍጥነት እያደገ የትኛው ያዋጣናል? እኔስ ጣሪያዬ ላይ ሶላር ባስገጥም ይሻለኛል?»

መልሴን ቀድሜ ልናገር። ቀጣዩ ማመንጫ ዝናብ የማይጠብቅ መሆን አለበት። መጀመሪያ ንፋስና ፀሐይ፣ ከጎናቸው እንፋሎት። ኒውክሌር ቆየት ብሎ ይምጣ። ከሁሉም በፊት ግን መስመር። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ላስረዳ። ትንሽ ሒሳብ አለበት፤ ከማባዛትና ከማካፈል ግን አያልፍም።

በሰፈርዎ ልጀምር። መብራት የሚጠፋብዎ አገሪቱ ኃይል ስላነሳት ነው ብለው ካሰቡ፣ ብዙውን ጊዜ አይደለም። ማመንጨቱንና ትልልቁን መስመር የያዘው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ከሰብስቴሽን (ትልቁን ኃይል ዝቅ አድርጎ ለከተማ ከሚያከፋፍለው ጣቢያ) ተቀብሎ እስከ ቆጣሪዎ የሚያደርሰው ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ሰው ሁለቱንም «መብራት ኃይል» ብሎ ይጠራቸዋል፤ ችግራቸው ግን ይለያያል። እርስዎ ሰፈር ያለው ትራንስፎርመር ሲተከል ሰፈሩ የነበረው ቤት ምናልባት የአሁኑ ሲሶ ነበር። ዛሬ እዚያው ላይ ፎቅ ተሠርቷል፣ ወፍጮ ቤት ተከፍቷል፣ የብየዳ ሱቅ ገብቷል። ፊውዙ ይቃጠላል፣ ሠራተኛ መጥቶ ይቀይረዋል፣ በሳምንቱ እንደገና ይቃጠላል። ጉባ ላይ አሥር ሕዳሴ ቢሠራ ይህን ፊውዝ አያድነውም። ከሚመነጨው ኃይል አንድ አምስተኛ ገደማ የሚባክነውም በአብዛኛው በዚህ በማከፋፈያው ላይ ነው።

አሁን ወደ ማመንጨቱ።

ሕዳሴ 5,150 ሜጋ ዋት ነው ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ይህ ቁጥር አሥራ ሦስቱም ተርባይኖች በአንድ ጊዜ ሲሽከረከሩ ያለውን ጉልበት ነው የሚናገረው። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ቢሽከረከሩ ወደ 45 ሺህ ጊጋ ዋት ሰዓት ይወጣ ነበር፤ አንድ ጊጋ ዋት ሰዓት ማለት አንድ ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በዕቅዱ ላይ ያለው ግን ወደ 15,760 ነው። ሲሶውን ያህል ማለት ነው። ቀሪው የት ገባ?

ውኃ ነው ልኩን የሚሰጠው። ሕዳሴ ላይ ውኃው በግምት 130 ሜትር ይወርዳል። ከዚያ ከፍታ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ለማውጣት ወደ 3 ሜትር ኩብ ውኃ ያስፈልጋል። ዓባይ በአማካይ በዓመት 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያመጣል። ያካፍሉት፤ 16 ሺህ ጊጋ ዋት ሰዓት አካባቢ ይደርሳሉ። ተርባይን በእጥፍ ቢጨመር ውኃው ያው ነው።

በዚህ ምክንያት «ግድቡ ከልኩ በላይ ተርባይን ተደርጎበታል» ብለው የተከራከሩ መሐንዲሶች ነበሩ። ሒሳባቸው ስህተት የለበትም። እኔ ግን እነዚያን «ትርፍ» የተባሉ ተርባይኖች በጣም እወዳቸዋለሁ፤ የዚህ መልስ ዋና ነገርም እነሱ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ከምጣድ ጀምሬ ላሳይዎ።

የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። በአንድ ቤት ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ትልቁ በላተኛ እሱ ነው፤ ምጣድ ሲጣድ አምፖሉ ደብዘዝ የሚልባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። አሁን 100 ሺህ ቤት ከሥራ መልስ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ምጣዱን ቢሰካ 350 ሺህ ኪሎ ዋት፣ ማለትም 350 ሜጋ ዋት ነው። አንድ የሕዳሴ ተርባይን ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጉልበት ለምጣድ ብቻ ሄደ። በዚያው ሰዓት መብራቱ ይበራል፣ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል፣ ሆቴሉም ይሞቃል። ጭነታችን የሚቆለለው ማታ ነው። ሌሊት ይወርዳል፣ ጠዋት መለስ ይላል፣ እኩለ ቀን ላይ ረገብ ይላል፣ ማታ እንደገና ይቆለላል። በየቀኑ ይኸው ነው።

ስለዚህ «በኪሎ ዋት ሰዓት ስንት ሳንቲም?» ብቻ ብሎ መጠየቅ ያሳስታል። የምሽቱ አንድ ሰዓት ኪሎ ዋት ሰዓትና የቀኑ ስድስት ሰዓት ኪሎ ዋት ሰዓት አንድ አይደሉም። የመስከረምና የግንቦትም አንድ አይደሉም።

ግንቦትን ያለ ምክንያት አላነሳሁም። በግንቦት 2011 ዓ.ም. አገሪቱ በፈረቃ መብራት ገብታ ነበር። ያኔ ዋናው ሸክም የነበረው በግልገል ጊቤ ሦስት ላይ ነው፤ 1,870 ሜጋ ዋት። ማሽኑ አልተበላሸም፣ ውኃው ነው የወረደው። ጉድለቱ 476 ሜጋ ዋት ነው ተባለ። ለሱዳን ይሸጥ የነበረው ቆመ፣ የጂቡቲው ተቀነሰ። በ1995 እና በ2001 ዓ.ም. የነበረውን ፈረቃም የሚያስታውስ ሰው ብዙ ነው። ሦስቱም ጊዜ ማመንጫው ነበረ፤ ያልነበረው ዝናቡ ነው።

የምናመነጨው ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ነው። ዓባይ፣ ኦሞ፣ ተከዜ፣ አዋሽ ብለን ስማቸውን እንለያይ እንጂ የሚጠጡት በአመዛኙ ከአንድ የክረምት ዝናብ ነው። አሁን እየተሠራ ያለው ኮይሻ ትልቅ ፕሮጀክት ነው፤ እሱም ግን በዚያው በኦሞ ላይ፣ ከጊቤ ሦስት በታች ነው። ጊቤ ሦስት ሲጠማ ኮይሻም ይጠማል። ጉልበት ይጨምርልናል፣ አደጋውን ግን አይከፋፍልልንም።

ጥገኝነቱ እስከ ምን እንደሚያደርስ ማየት የሚፈልግ ዛምቢያን ይመልከት። ኤሌክትሪኳ ወደ 85 በመቶ ከውኃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ድርቁ ሲመታ የካሪባ ግድብ ተሟጠጠ፤ ሰዉ በቀን ለብዙ ሰዓታት፣ አንዳንድ ቦታ ቀኑን ሙሉ ሊባል በሚችል ሁኔታ መብራት አጥቶ ከረመ። እኛ ሕዳሴ ስላለን እዚያ ደረጃ በቀላሉ አንደርስም። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ማለት የዓባይ የአንድ ዓመት ተኩል ፍሰት ነው፤ አንድ ክፉ ክረምት ያሳልፋል። ሁለት ሦስት ተከታትለው ከመጡ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

እንግዲህ የእኔ መመዘኛ ይህ ነው፦ ዝናቡ ቢቀር የሚያመነጭልን ማን ነው?

ንፋስ በዚህ መመዘኛ አንደኛ ይወጣል። አገራችን የታደለችው ነገር አለ፤ በደጋውና በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ንፋሱ የሚበረታው በበጋ ነው፣ ክረምት ላይ ይዳከማል። ወንዙ ሲቀንስ ንፋሱ ይጨምራል፣ ወንዙ ሲሞላ ንፋሱ ያርፋል። ብዙ አገር ይህን ዕድል አያገኝም። አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት 153፣ አሸጎዳ 120፣ አይሻ 120፣ አሰላ 100። ሁሉም ተደምረው የሕዳሴን ሁለት ተርባይን አይሞሉም። ለእኔ ይህ ነው የሚያስቆጨው።

«ንፋስ እኮ ድንገት ይቆማል» ይሉኝ ይሆናል። አዎ ይቆማል። ሲቆም የሚሆነውን በቅርበት እንየው። የመላ አገሪቱ ማሽን በአንድ ምት ነው የሚዞረው፤ 50 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ምት። አዳማ ላይ ንፋሱ ሲረግብ የሚመነጨው ከሚፈለገው ያንሳል፣ ምቱም ይዘገያል፤ 49.9፣ 49.8። በዚህ ጊዜ ስልክ የሚደውል ሰው አያስፈልግም። ግድቦቹ ላይ ያሉት መቆጣጠሪያዎች ምቱ መውረዱን ራሳቸው ያውቃሉ። የተርባይኑ የውኃ በሮች ትንሽ ሰፋ ይላሉ፣ ተጨማሪ ውኃ ይገባል፣ ምቱም ይመለሳል። ነገሩ በሰከንዶች ነው የሚያልቀው። ድንጋይ ከሰል ማመንጫ ይህን ለማድረግ ያለከልካል። የውኃ ተርባይን ግን የተፈጠረው ለዚህ ነው። ጀርመኖች በብዙ ወጪ ባትሪ እየገዙ የሚፈልጉትን ነገር እኛ ጉባና ኦሞ ላይ አስቀምጠነዋል።

ግድብ ጎተራ ነው ብለው ያስቡት። በንፋስና በፀሐይ የኖርነውን ሰዓት ያህል ከጎተራው አንወስድም፤ የቀረው ለክፉ ቀን ይቀመጣል።

ከላይ ያልኳቸው «ትርፍ» ተርባይኖችም እዚህ ጋ ነው ዋጋቸው የሚታየው። ቀን በፀሐይ ስንሠራ ሕዳሴ ግማሽ ተርባይኖቹን አሳርፎ ውኃ ይቆጥባል። ማታ ምጣዱ ሲጣድ ሁሉንም ያሠራል። ተርባይኑ ልክክ ተደርጎ ቢሠራ ኖሮ የተቆጠበውን ውኃ ማታ በአንድ ጊዜ ማውጣት አንችልም ነበር። ታች ካለው የሱዳኑ ሮዛሪስ ግድብ ጋር ቅንጅት ይጠይቃል፣ ከጉባ በደዴሳ በኩል ሆለታ የሚመጣው የ500 ኪሎ ቮልት መስመርም መቻል አለበት። ሁለቱም የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው።

ፀሐዩን በቁጥር እንየው። 100 ሜጋ ዋት የፀሐይ ማመንጫ እኛ አገር በቀን በትንሹ 480 ሺህ ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣል። በ3 ሜትር ኩብ ያባዙት፤ በየቀኑ 1.4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ሕዳሴ ውስጥ ይቀራል። ግንባታው ዓመት፣ ዓመት ተኩል ቢፈጅ ነው። የፀሐይ ኤሌክትሪክ ዋጋ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ወደ 90 በመቶ ወርዷል። ታዲያ ለምን የለንም?

ሞክረን ነበር። አፋር ውስጥ ዲቼቶ፣ ሶማሌ ክልል ውስጥ ጋድ የሚባሉ ቦታዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 ጨረታ ወጥቶ፣ የሳዑዲው አክዋ ፓወር በኪሎ ዋት ሰዓት 2.5 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ዋጋ ሰጥቶ አሸነፈ። በዚያን ጊዜ በዓለም ከነበሩት እጅግ ርካሽ ዋጋዎች የሚመደብ ነበር። ማመንጫው ግን አልተተከለም። መተሐራ ላይ የታሰበውም እንዲሁ ቀረ።

ነገሩ ፓነሉ አይደለም፣ ዶላሩ ነው። የውጭ ባለሀብት ብድሩን በዶላር ይወስዳል፣ ክፍያውንም በዶላር ይፈልጋል። እርስዎና እኔ ግን ቆጣሪያችንን የምንሞላው በብር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ ከእጥፍ በላይ ሄደ። በዶላር የተዋዋሉት ኤሌክትሪክ በብር ሲተመን በዚያው ልክ እጥፍ ይሆናል፤ ታሪፉን ግን በአንድ ሌሊት እጥፍ ማድረግ አይቻልም። ባለሀብቱም ይህን ያውቃል፣ ዋስትና ይጠይቃል፣ ድርድሩም እዚያ ላይ ይቆማል። ፀሐይ የለንም ከማለት ይልቅ ፀሐይን በብር የምንገዛበት መንገድ የለንም ቢባል ይቀርባል። የታሪፍ ማስተካከያው ሰውን ቢያስከፋም፣ ያለሱ ግን ማንም በግል ገንዘቡ ማመንጫ አይተክልልንም።

እንፋሎት ላይ በጣም ነው የዘገየነው። ስምጥ ሸለቆው እኛንም ኬንያንም ነው የሚያቋርጠው። ኬንያ ኦልካሪያ ላይ የመጀመሪያውን ማመንጫ ያስጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ዛሬ ከ900 ሜጋ ዋት በላይ አላት፣ ከኤሌክትሪኳም ግማሽ የሚጠጋው ከዚያ ነው። እኛ አሉቶ ላንጋኖ ላይ 7.2 ሜጋ ዋት የሙከራ ማመንጫ ተክለን፣ እሱም እየሠራ እየቆመ፣ እዚያው ነን። እንፋሎት ሌሊት የለው፣ በጋ የለው፣ ክረምት የለው፤ ሃያ አራት ሰዓት ይሠራል። ክፋቱ ቁፋሮው ነው። አንድ ጉድጓድ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ይበላል፣ ተቆፍሮም ባዶ ሊሆን ይችላል። የግል ባለሀብት ይህን ቁማር አይወድም። ኬንያውያን እ.ኤ.አ. በ2008 ቁፋሮውን ብቻ የሚሠራ የመንግሥት ድርጅት አቋቋሙ፤ እንፋሎቱ መኖሩ ሲረጋገጥ ማመንጫውን ሌላው ይተክለዋል። እኛም ብንቀዳው አያሳፍርም።

ወደ ኒውክሌር ልምጣ፤ ብዙ ሰው መስማት የሚፈልገው ይህን ነው። ኒውክሌርን አልቃወምም። እንዲያውም አንድ 1,200 ሜጋ ዋት ሪአክተር በደንብ ከተሠራበት በዓመት 9,400 ጊጋ ዋት ሰዓት አካባቢ ይሰጣል። ከሕዳሴ ሩብ በማይሞላ ጉልበት የሕዳሴን 60 በመቶ ኃይል ያመነጫል ማለት ነው። ዝናብም አይጠብቅም። በእኔ መመዘኛ ያልፋል።

የሚያግደኝ ሦስት ነገር ነው፤ አንደኛው ብዙም አይነገርም። ሪአክተር ድንገት ሲቆም 1,200 ሜጋ ዋት በአንድ ቅጽበት ይጠፋል። ያኔ ያ 50 ኸርዝ ያልነው ምት ክፉኛ ይወርዳል፣ መስመሮች ራሳቸውን ለማዳን ይቆረጣሉ፣ አገር ሁሉ ይጨልማል። ለዚህ ነው በሙያው ውስጥ አንድ ማሽን ከመላው ሥርዓት አሥር በመቶ ገደማ ባይበልጥ ይመረጣል የሚባለው። ለ1,200 ሜጋ ዋት 12 ሺህ ሜጋ ዋት የሚሠራ ሥርዓት ይፈለጋል። የእኛ የማመንጨት አቅም ከሕዳሴ ጋር ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ነው፤ እኩለ ሌሊት ላይ በትክክል የሚሠራው ደግሞ ከዚያ በጣም ያንሳል። ግብፅ ኤል ዳባ ላይ አራት ባለ 1,200 ሪአክተር ብትተክል በሙቀቱ ወራት ጭነቷ ከ35 ሺህ ሜጋ ዋት በላይ ነው፤ አንዱ ቢቆም ትችለዋለች። ለእኛ የሚሆነው አነስ ያለው ሪአክተር ነው፤ እሱ ደግሞ ዋጋው ገና አልረጋም። አሜሪካ ውስጥ ብዙ የተወራለት የኑስኬል ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2023 ወጪው ስለናረ ተሰርዟል።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ገንዘብ የማያጥራት የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ እንኳን ባራካ የተባለውን የኒውክሌር ማመንጫዋን እ.ኤ.አ. በ2012 ጀምራ የመጀመሪያው ሪአክተር ሥራ የገባው በ2021 ነው። ሦስተኛው ብድሩ ነው፤ ግብፅ ለኤል ዳባ ከሩሲያ የወሰደችው 25 ቢሊዮን ዶላር ነው። እኛ ሕዳሴን በ5 ቢሊዮን ገደማ ነው የጨረስነው። መስከረም 2018 ዓ.ም. ከሩሲያ ጋር የተፈረመው የድርጊት መርሐ ግብር ክፋት የለውም። ባለሙያ ማሠልጠኑ፣ የቁጥጥር ተቋም ማቋቋሙ፣ ቦታ ማጥናቱ ዓመታት ስለሚወስድ አሁን ቢጀመር ጥሩ ነው። ግን የመጪዎቹን አሥር ዓመታት ምጣድ እሱ አያሞቅልንም።

ስለቀሩት ብዙ አልልም። ናፍጣ ጄኔሬተር ለክፉ ቀን ነው፤ ነዳጁን በዶላር እየገዙ አገር አይበራበትም። ድንጋይ ከሰላችን ለሲሚንቶ ፋብሪካ ይሁን። ረጲ ያለው የቆሻሻ ማመንጫ 25 ሜጋ ዋት ነው፤ ቆሻሻ ለማስወገድ ነው እንጂ ለመብራት ተብሎ የሚሠራ አይደለም። ሶማሌ ክልል ውስጥ ያለው የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ግን ይታሰብበት። ጋዝ በፍጥነት ይነሳል፣ የድርቅ ዓመት መጠባበቂያ ይሆናል፣ ደግሞም የራሳችን ነው።

ፍላጎቱ ራሱ እየተለወጠ መሆኑንም አይርሱ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል። መኪናው ሌሊት ከ5 ሰዓት በኋላ ቻርጅ ቢደረግ ማንንም አይጎዳም። ማታ 1 ሰዓት ላይ ከምጣዱ ጋር ከተሰካ ግን መከራ ነው። ሌሊቱን የሚያረክስ ታሪፍ ቢወጣ ከአንድ ማመንጫ ያልተናነሰ ይጠቅማል፤ ግንባታ እንኳን አይፈልግም። በዚያ ላይ ግማሽ ያህሉ ሕዝባችን ገና ከዋናው መስመር አልተገናኘም። ለራቁት ቀበሌዎች መስመሩ እስኪደርስ ሳይጠበቅ የፀሐይ አነስተኛ ማመንጫ ቢተከል ይቀላል።

አሁን የጣሪያዎ ነገር። ቤትዎ ከተማ ውስጥ ከሆነና መስመር ካለዎት፣ ሶላር ገንዘብ ይቆጥብልኛል ብለው አይግዙ። ታሪፋችን ገና ርካሽ ስለሆነ ወጪውን ለመመለስ ረጅም ዓመት ይፈጃል። መብራት ሲጠፋ እንዳልጨልም ካሉ ግን ተገቢ ነው። ውድ የሚሆነው ባትሪው ነው፤ ስለዚህ ሻጩ ስለ ፓነል ሲያወራ እርስዎ ስለ ባትሪ ይጠይቁ። የመኪና ዓይነቱን የሊድ ባትሪ ይተዉ፣ ቶሎ ይሞታል፤ ሊቲየሙ ቢወደድም ይሻላል። 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ መብራቱን፣ ዋይፋዩን፣ ቴሌቪዥኑንና ስልኩን አምሽቶ ያደርሳል፤ ፍሪጅ ከጨመሩ ትንሽ ከፍ ያድርጉት። ምጣድ ግን አይሞክሩበት። አንድ ሰዓት ተኩል ቢጋግሩ ከ5 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ለእሱ ብለው የሚገዙት ባትሪና ኢንቨርተር የሌላውን ሁሉ እጥፍ ያስከፍልዎታል። ከቻሉ እንጀራውን ረፋድ ላይ ይጋግሩት፤ ያኔ መስመሩም ቀለል ይላል።